ለጤና ሚኒስቴር፦ በመጠለያ ስለሚኖሩ አስም ያለባቸው ሕፃናት

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ አስም ያለባቸው ተፈናቃይ ሕፃናት የሚያገኙትን ሕክምና ይመለከታል

በሕፃናት ክፍል የማገለግል ነርስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ከቀዬው ተፈናቅሎ በመጠለያ የሚኖር የ8 ዓመት ልጅ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ትንፋሽ አጥሮት፣ ደረቱ ሲር ሲር እያለ፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ መጣ፤ ሦስቴም የመተንፈሻ ቧንቧን የሚያሰፋው መድኃኒት ሳልቡታሞል ተሰጥቶት ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ እናቱን ስጠይቃት፣ እርሷም በልጅነቷ አስም እንደነበረባት፣ የልጇ ሕመም ግን በሌሊት ተኩስ ከቤታቸው ከሸሹ ወዲህ እንደጠናበት፣ እስካሁንም ከእንቅልፉ እየባነነ እንደሚጮኽ ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቃት አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኋትም ነበር።

እናቲቱ የነገረችኝን ሁለቱንም ነገር ሳይንሱ ያውቀዋል። አስም በቤተሰብ ይወረሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በልጅነት የሚጀምረውን አስም በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ካሉ የዘረ መል ልዩነቶች ጋር አያይዞታል። ሆኖም የወረሰ ሁሉ አይታመምም። ጭንቀት ደግሞ ዘረ መሉን ባይለውጠውም ሥራውን ሊያዳክመው ይችላል። ተመራማሪዎቹ ግሪጎሪ ሚለርና ኢዲት ቼን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰነበተ ችግር ላይ ድንገተኛ መከራ የተደረበባቸው አስም ያለባቸው ልጆች እንዲህ ያለ ጫና ካልደረሰባቸው አስመኛ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሳልቡታሞል የሚሠራበትን በሕዋስ ላይ ያለ ተቀባይ የሚያስገኘው የዘረ መል መልእክት በ9.5 እጥፍ፣ የቧንቧን እብጠት የሚቀንሰው መድኃኒት ስቴሮይድ የሚሠራበት ደግሞ በ5.5 እጥፍ ቀንሶባቸው ተገኝቷል። በፖርቶ ሪኮ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናትም ጭንቀት የበዛባቸው ልጆች የመተንፈሻ ቧንቧ ለማስፊያ መድኃኒቱ የሚሰጠው ምላሽ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ብዙ መከራ ያየው ልጅ፣ እኛ በእጃችን ያለው መድኃኒት ከሌሎቹ ልጆች ያነሰ የሚረዳው ሊሆን ይችላል።

ይህን ስል አስም የሐሳብ በሽታ ነው ማለቴ አይደለም። «ጭንቀት ነው» ተብላ የተሸኘች እናት ልጇ እንዳስመሰለ ወይም እርሷ እንዳጠፋች አድርጋ ትረዳዋለች፤ የልጁ ቧንቧ ግን በእርግጥ አብጧል፣ በእርግጥም ጠቧል።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ በመጠለያ ጣቢያዎች ለሚሠሩ ባለሙያዎች በሚያወርደው መመሪያ፣ ትንፋሽ አጥሮት የመጣ ሕፃን ሁሉ የቤተሰቡ የአስም ታሪክና በቅርቡ የደረሰበት ነገር እንዲጠየቅና በካርዱ ላይ እንዲመዘገብ ያድርግ። ሕመሙ ለሚመላለስበት ልጅ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ በየቀኑ የሚሳብ መከላከያ ከሳልቡታሞሉ ጋር ሳይቋረጥ እንዲቀርብ፣ የሥነ ልቦና ድጋፍም ከአስም ክትትሉ ሳይነጠል በአንድ ቀጠሮ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ። ስፔሰር፣ ማለትም የሚሳበው መድኃኒት በደንብ ወደ ሳንባ እንዲገባ በመንፊያውና በልጁ አፍ መካከል የሚደረገው ዕቃ፣ የለም የሚለው ምክንያት አያግደን፤ በደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ እንደታየው የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ተበስቶ ቦታውን በሚገባ ይተካል። ይህን ሥራ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለማሳየት ከሰዓት በላይ አይፈጅም፤ እኔም በምሠራበት አካባቢ በትርፍ ጊዜዬ ለማሠልጠን ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የሕፃናት ክፍል ነርስ