ጥፋቱ ሁልጊዜ የብራውዘሩ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ድረ ገጽ አውቶማቲክ ሙከራ በሚጻፉ ጽሑፎች፣ ዛሬ አልፎ ነገ ለሚወድቅ ሙከራ ዘወትር የሚወቀሰው ብራውዘሩ ነው። እኔ ግን በሥራዬ ደጋግሜ ያገኘሁት ምክንያት ከቀደመው ሙከራ በዳታቤዙ ውስጥ የቀረ መረጃ ነው።

የፕሮግራሙን ክፍሎች ለየብቻ ስንሞክር ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን (አብረው በሚጸድቁ ወይም አብረው በሚሰረዙ የዳታቤዝ ለውጦች ጥቅል) ውስጥ ሠርተን መጨረሻ ላይ ጥቅሉን መሰረዝ ይበቃናል፤ ፈጣንም ነው። እንደ ሴሌኒየም ባለ መሣሪያ ብራውዘር ስናዝዝ ግን ሰርቨሩ ብዙውን ጊዜ የራሱን የዳታቤዝ ግንኙነት ይዞ ስለሚሠራ፣ ሙከራው ያዘጋጀውንና ገና ያልጸደቀውን፣ ማለትም በዳታቤዙ በቋሚነት ያልተመዘገበውን መረጃ አያየውም፤ ተጠቃሚውን መዝግበን ሳለ ገጹ «አላውቀውም» የሚለን በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መረጃውን አጽድቆ፣ በኋላ ሰንጠረዦቹን ባዶ ማድረግ የተለመደ መፍትሔ ሆኗል፤ የጃንጎ (የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ነው) የቀጥታ ሰርቨር ሙከራም በመደበኛ አሠራሩ ይህንኑ ይከተላል። ሬይልስ የተባለው ሌላ ማዕቀፍ ከ5.1 እትሙ ጀምሮ ሙከራውና ሰርቨሩ አንድ ግንኙነት እንዲጋሩ ስላደረገ ትራንዛክሽኑን መሰረዝ እዚያም ይሠራል፤ ይህ ግን ሁለቱ በአንድ ሂደት (በአንድ እየሠራ ባለ ፕሮግራም) ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት፣ እኔንም ሁለት ቀን ሙሉ ያደከመኝ፣ የጽዳቱ ሰዓት ነው። ብራውዘሩ የላከው ጥያቄ ሳይጠናቀቅ ጽዳቱ ከተጀመረ፣ ዘግይቶ የሚደርሰው መረጃ ባዶው ሰንጠረዥ ላይ አርፎ ቀጣዩን ሙከራ ያበላሻል። መጀመሪያ ገጹን መዝጋት፣ ሰርቨሩ የጀመራቸውን ጥያቄዎች እስኪጨርስ መጠበቅ፣ ከዚያ ማጽዳት ይገባል። ጎን ለጎን ለሚካሄዱ ሙከራዎች ደግሞ ለእያንዳንዱ ሂደት የየራሱን ዳታቤዝ መመደብ ያስፈልጋል።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ