ከባንድ መውጣት ጠብ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የጥበብ ገጻችሁን ሳላነብ አላልፍም። እዚህ ደብረ ማርቆስ ጊታር የሚነካካ ልጅ ሁሉ በስልኩ ይከታተለዋል። በቅርቡ አንድ ድምፃዊ ከባንዱ ስለ መለየቱ የጻፋችሁትን ሳነብ ግን ከፋኝ። ከላይ እስከ ታች ማን ማንን ከዳ፣ ማን ስለ ማን ምን አለ ነው። ስለ ሙዚቃው አንድ መስመር የለም። ስለዚህ ከሮክ ዓለም አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ፒተር ጋብርኤል ይባላል። እንግሊዛዊ ነው። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ እየሠራ ይዘፍናል። በ1967 ገና ተማሪ እያለ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ጀነሲስ የተባለውን ባንድ መሠረተ። ቶኒ ባንክስ ኪቦርድ፣ ማይክ ራዘርፎርድ ቤዝ ነበሩ። በ1970 ደግሞ ፊል ኮሊንስ የሚባል ድራመር የጋዜጣ ማስታወቂያ አይቶ ተቀላቀላቸው። በ1985 ለአገራችን ረሃብተኞች በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ፣ በአንድ ቀን ለንደንም ፊላደልፊያም መድረክ ላይ የወጣው ያው ኮሊንስ ነው።

ጋብርኤል መድረክ ላይ የቀበሮ ጭንብል አጥልቆ፣ ቀይ የሴት ቀሚስ ለብሶ ይወጣ ነበር። ጋዜጠኛው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ሆነ። ዘፈኖቹን ግን አብረው ነበር የሚሠሩት። ቅሬታው የገባው በዚህ በኩል ነው። በ1974 ትልቁን ድርብ አልበማቸውን ሲያዘጋጁ የመጀመሪያ ልጁ በጠና ታማ ተወለደች። የአባት ልብ ሐኪም ቤት ነው፤ ባንዱ ደግሞ ሥራው እንዲያልቅለት ይፈልጋል። በ1975 ወጣ።

እንግዲህ በእኛ አገር ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። የእነሱ ግን ገና መጀመሩ ነው። ባንዱ ድምፃዊ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ ከድራሙ ኋላ የነበረው ኮሊንስ ማይኩን ያዘ። በ1976 ያወጡት አልበም ከቀደሙት በተሻለ ተሸጠ። ጋብርኤልም በ1977 የመጀመሪያ የግል አልበሙን ይዞ መጣ። እዚያ ውስጥ ከባንዱ ስለ መውጣቱ የዘፈነው "ሶልስበሪ ሂል" አለ። በሰባት ምት የሚሄድ ዘፈን ነው። በእግራችሁ እየመታችሁ ስሙት፤ ስምንተኛዋን ስትጠብቁ ዘፈኑ ቀድሟችሁ ወደ አንድ ተመልሷል። ስለ መለያየት የተዘፈነ ነው፤ ማንንም ግን አይሰድብም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የ1980ው ሦስተኛ አልበሙ ነው። ጋብርኤል ድራመሮቹን ሲምባል፣ ማለትም ከድራሙ ጋር የሚመታውን የብረት ሳህን፣ እንዳትነኩ አላቸው። ከድራመሮቹ አንዱ ማን ነበር? ኮሊንስ! ትቶት የሄደው ባንድ ድራመር መጥቶ ተጫወተለት። ስቱዲዮ ውስጥ ሲሞካክሩ አንድ አዲስ የድራም ድምፅ አገኙ። ምቱ ግዙፍ ሆኖ ይወጣና፣ ማስተጋባቱ ሳያልቅ በር እንደተዘጋበት ቁርጥ ይላል። በዓመቱ ኮሊንስ ያንኑ ድምፅ ለራሱ የመጀመሪያ የግል አልበም ተጠቀመበት፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ዘመን ሙዚቃ ሁሉ ተሰማ። ሁለት ሰዎች ባይነጋገሩ ኖሮ ይህ ከየት ይመጣል?

በ1982 ጋብርኤል ዎማድ የተባለውን የዓለም ሕዝቦች ሙዚቃ ፌስቲቫል ከሌሎች ጋር አዘጋጀ። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ የአፍሪካና የእስያ ተጫዋቾችን ከሮክ ባንዶች ጋር አንድ መድረክ ላይ ማውጣት። ገንዘቡ ግን አልተሳካም፤ ከባድ ዕዳ ውስጥ ገቡ። ታዲያ ማን ደረሰለት? ጀነሲስ። ከሰባት ዓመት በፊት ትቷቸው የሄዳቸው እነዚያው ጓደኞቹ ኦክቶበር 2 ቀን እንግሊዝ አገር ሚልተን ኪንስ ላይ አብረውት መድረክ ወጡ። ዝናብ እየዘነበ፣ ጋብርኤል በሬሳ ሳጥን ተሸክመውት ገብቶ፣ የድሮ ዘፈኖቻቸውን ተጫወቱ። ገቢው ለዕዳው ዋለ። ዎማድ ተረፈ። ዛሬም አለ።

በ1986 ደግሞ የጀነሲስ ዘፈን በአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ቦታ ያወረደው የጋብርኤል "ስሌጅሃመር" ነበር። ቢሆንም በ2022 ጀነሲስ ለንደን ላይ የመጨረሻውን ኮንሰርት ሲያቀርብ ጋብርኤል ከተመልካቹ መሐል ተቀምጦ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። በጥር ከቡሬ እስከ ደጀን ሰርግ ለሰርግ የሚዞሩትን ልጆች በደንብ አውቃቸዋለሁ። ድምፃዊው ነጠላ ዜማ ይለቅና አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ ኪቦርዲስቱ ስልኩን አያነሳለትም። ሚክሰሩ በማን ብር ተገዛ ተብሎ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሰላምታ እንኳ ይቋረጣል። ሁለቱም ወገን ግን የተበደለበት ምክንያት አለው። አንድ ኪቦርዲስት ጓደኛዬ በአንቺሆዬ ቅኝት የአንድ ዘፈን መግቢያ ለመሥራት ስንት ማታ ሲለፋ አይቻለሁ። መብራት ሲጠፋ እንኳ በአፉ እያዜመ ይቀጥል ነበር። ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ የግጥም፣ የዜማ፣ የካሜራ፣ የሜካፕ ባለሙያው ስም ሁሉ አለ። የእሱ የለም።

ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ሳስበው አንድ መልስ አለኝ። የጎጃም አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ግጥሙንም ዜማውንም ጨዋታውንም ብቻውን ይወጣዋል። ትልቅ ጥበብ ነው፤ እኮራበታለሁ። ጆሯችን ግን በዚያ ስለተቀረጸ ባንድ ሲባል ከዘፋኙ ኋላ የቆሙ ሰዎች ብቻ ይታዩናል። ሮክ ላይ ደግሞ ይህ አያስኬድም። ጃኖ ባንድን ስሙት፤ ጊታሩንና ድራሙን አውጥታችሁ ብትጥሉት "ኤርታሌ" የሚባል አልበም አይኖርም።

ድምፃዊ ለምን ወጣ አልልም። ሰው የራሱን ዜማ ይዞ መሄዱ መብቱ ነው፤ ጋብርኤል ባይወጣ ያ ሁሉ ሥራ አይመጣም ነበር። የምለምናችሁ ሌላ ነው። ቀጣዩን ባንድ ስትጽፉ፣ ድምፃዊውን ብቻ ሳይሆን ድራመሩንም ደውላችሁ አነጋግሩ። መግቢያውን ማን ሠራው፣ ቅንብሩ የማን ነው፣ የባንዱን ስም ማን ይዞ ቀረ፣ አሁንስ አብረው የሚሠሩት ነገር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ የተጫዋቾቹን ስም ከነመሣሪያቸው አውጡልን። ቦታ የለንም ካላችሁ የስድቡን አንቀጽ ቀንሱለት።

አክባሪያችሁ፣
ቤዝ ተጫዋች፣ ከደብረ ማርቆስ