ከኡራኤል ወደ ቱኒስ

እንደምን ከርመሻል እህቴ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማን ቀድሞ እንደጠፋ መቁጠሩ ይቅርና ወሬ ልንገርሽ።

ካዛንቺስ የነበርንበት ግቢ መፍረሱን ሳትሰሚ አትቀሪም። ገሚሱ ሰው ገላን ጉራ ገብቷል፤ እኔ ኡራኤል አካባቢ ፎቅ ላይ ተከራይቻለሁ። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ውሃም ሽንት ቤትም ውስጡ አለው፤ የድሮው ወረፋ አይናፍቀኝም። ጎረቤቴን ግን እስካሁን በበሯ ድምፅ ብቻ ነው የማውቃት።

ሰሞኑን ስለ ጋዳሜስ እያነበብኩ ነው። ሊቢያ ውስጥ፣ አንቺ ካለሽበት አገር ድንበር አጠገብ፣ በረሃ መሃል ምንጭ ይዛ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቤቶቿ የጭቃ ጡብ ናቸው፤ ጣሪያው የቴምር ግንድ። እንደኛዎቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈዋል፤ ፎቁ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ካለው ቤት ስለሚገጥም መተላለፊያው ጨለምለም ያለ ነው፤ ብርሃን የሚወርደው አልፎ አልፎ ከተተወ ቀዳዳ ነው። ሐሩሩ አይደርስበትም። ታች የወንዶች መንገድ፣ ላይ የሴቶች። ጣሪያዎቹ ስለተያያዙ ሴቶቹ መሬት ሳይረግጡ ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር፤ ወጥ የሚሠራውም እዚያው ላይ ነበር። ሴትን ከመንገድ ማራቁ ደስ አይለኝም። ያም ሆኖ እነ እማማ ቡና ሲጠራሩ ነው የታየኝ።

ምንጩን የሚካፈሉት በጊዜ ነበር። ሥሩ የተበሳ ዕቃ ይሞላል፤ ፈስሶ ባለቀ ቁጥር ቆጣሪው የዘንባባ ቅጠል ላይ አንድ ቋጠሮ ያስራል፤ ለየአትክልቱ የሚደርሰው ውሃ በዚያ ይታወቃል። የእድራችን ሂሳብ እንዲህ ቢያዝ ስንት ጭቅጭቅ በቀረ!

ሳሎናቸው ውስጥ ደግሞ ኩባ የምትባል ትንሽ የተከለለች ቦታ አለች። ሙሽራዋ በሠርጓ ሌሊት ትገባባታለች፤ ባል ሲሞት ደግሞ ለቅሶ ደራሽ የምትቀበለው እዚያችው ተቀምጣ ነው። የእድሩ ድንኳን ትዝ አላለሽም? ያው አንዱ ሸራ ለሠርግም ለለቅሶም። አሁን ገላን ጉራ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ትከሉት ቢባል የት እንደሚተከል እንጃ።

የጋዳሜስ ሰዎችም ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መንግሥት አጠገቡ አዲስ ከተማ ሠርቶላቸው ገቡ፤ አሮጌው በ1986 በዩኔስኮ ተመዘገበ። በ2016 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ በ2025 ወጣ። ጭቃ እኮ በየጊዜው ካልመረጉት ዝናብ ይበላዋል። ቤቶቹ ግን የየቤተሰቡ ናቸው፤ ሙቀቱ ሲበረታ ብዙዎቹ ለቅዝቃዜው ይመለሱባቸዋል። እኔን ያስቀናኝ ቁልፉ እጃቸው ላይ መቅረቱ ነው እንጂ ጭቃውማ ምን ያስቀናል፤ አድገንበት የለ!

እንግዲህ ቱኒስ ውስጥ የጋዳሜስ ሰው ካጋጠመሽ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አዲሱ ከተማ ውስጥ ጣሪያው ተለያይቶ የለ? ታዲያ ሴቶቹ አሁን የት ይገናኛሉ? መልሱን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ በስልክ ከሆነ ሳቅ እንጂ ወሬ አይወጣንም።

ያንቺዋ