«የምንጠያየቀው ነገር የለም»፦ በስምምነት ስለሚፋቱ ሰዎች ለፍትሕ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለፍትሕ ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት

ጉዳዩ፦ በስምምነት የሚፋቱ ባልና ሚስት ፈርመው ለፍርድ ቤት የሚያቀርቡትን የስምምነት ውል ይመለከታል

ክቡራን፣

እኔና ባለቤቴ ስንለያይ አልተጣላንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመመጻደቅ ሳይሆን ደብዳቤዬ የቂም ደብዳቤ እንዳይመስላችሁ ነው። 11 ዓመት አብረን ኖርን፣ ሁለት ልጆች ወለድን፣ ትዳሩ እንዳበቃም ሁለታችንም የተረዳነው በአንድ ሰሞን ነው። ማን ቀድሞ አፉን አውጥቶ ተናገረው በሚለው ላይ እስከ ዛሬ አንስማማም። በቀረው ሁሉ ተስማምተን ነበር። ወይም የተስማማን መስሎን ነበር።

ከፍርድ ቤት በር ፊት ለፊት ማመልከቻ ከሚጽፉት አንዱ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄድን። ኮምፒዩተሩ ላይ የሌላ ሰው ፍቺ ተከፍቶ ጠበቀን። የሰዎቹን ስም አጥፍቶ የእኛን አስገባ፣ የልጆቹን ቁጥር ከሦስት ወደ ሁለት አወረደ። ከዚያ ቀና ብሎ «ንብረት ላይ ክርክር አላችሁ?» አለን። «የለንም» አልነው። እውነታችንን ነበር፤ ክርክር አልነበረንም። ንብረት ግን ነበረን፣ ዕዳም ነበረን። የጠየቀን ስለ ክርክር ሆኖ ሳለ የጻፈው ስለ ንብረት ነው፦ «በጋራ ንብረት ረገድ የምንጠያየቀው ነገር የለም»። ቀጥሎም ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ ምናልባት ከእኛ በፊት ለነበሩት፣ ከእኛ በኋላም ለመጡት እንዳሉ የተገለበጡ፦ «አባት ለልጆቹ ማሳደጊያ እንደ አቅሙ ይረዳል»፤ «አባት በፈለገ ጊዜ ልጆቹን መጎብኘት ይችላል»። አነበብነው፣ ጥሩ ነው አልን፣ ፈረምን። ጸሐፊውን አልወቅስም። የተከፈለው ለመተየብ ነው፤ የሆነውንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሕግ አማካሪያችን አልነበረም።

ችሎት ስንቀርብ ዳኛዋ ሁለታችንን ጎን ለጎን አቁመው በፈቃዳችሁ ነው ወይ ብለው ጠየቁን። ነው አልን። እንድናስብበት ጊዜ ሰጡን፤ በቀጠሮው ተመልሰን አልቀየርንም አልን። ስለ ልጆቹ አንድ ጥያቄ ተጠየቀ፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፤ ከእኔ ጋር ተባለ። ከዚያ ውሉ ጸደቀ። ከችሎት ስንወጣ ባለቤቴ «ይኸው ነው?» አለኝ። እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር። ለመጋባት ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ተጠይቀናል።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ልናገር፤ ምክንያቱም ቅሬታዬ በሕጉ ላይ አይደለም። እንዲያውም ሕጉን ሳነበው የገረመኝ ጥሩነቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት በመስማማታቸው ብቻ እንዲፋቱ አይፈቅድም ነበር፤ ነገሩ በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ለወጠው። ዛሬ ተስማምተው የመጡ ባልና ሚስት የሚፋቱበትን ምክንያት ለመናገር አይገደዱም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቤታችንን ጉድ ለማያውቁን ሰዎች ሳንዘረዝር፣ አንዳችን በዳይ አንዳችን ተበዳይ ሳንባል መለያየት ችለናል፤ ልጆቻችንም አባታቸውን የሚከስ ወረቀት በመዝገብ ቤት አልተቀመጠባቸውም። (የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ግን «ለምንድን ነው ግን?» ብሎ ጠይቆናል። ሕጉ ያልጠየቀንን እሱ ጠየቀ። እንደ ሰው ስለጠየቀን አልተቀየምነውም።)

ሕጉ ከዚህም በላይ ይሄዳል። ፍቺውን ብቻ ሳይሆን የፍቺውን ውጤት በሚመለከት የተደረገውን ስምምነትም ለፍርድ ቤት አቅርቡ ይላል። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን በአንድነትም ሆነ በተናጠል ማነጋገር እንዲችል ያደርጋል፤ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። በአንቀጽ 80 ደግሞ ስምምነቱ የሁለቱ እውነተኛ ሐሳብና ነጻ ፈቃድ መሆኑን፣ ከሕግና ከሞራል የማይቃረን መሆኑን ሳያረጋግጥ እንዳያጸድቅ ያዘዋል። ስምምነቱ የልጆቹን ወይም የአንዱን ተጋቢ ጥቅም በበቂ ሁኔታ የማያስጠብቅ ሆኖ ሲያገኘው፣ ፍቺውን አጽድቆ የጎደለውን እንዲያርም ሥልጣን ይሰጠዋል። እንግዲህ ዳኛዋ የእኛን ውል ማረም ይችሉ ነበር። ለማረም ግን ምን እንደጎደለ ማወቅ አለባቸው፤ ሦስት የተገለበጡ ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ ምን እንደጎደለ አይናገሩም። የወረቀቱ ክፋት የተሟላ መምሰሉ ነው።

አሁን በእነዚያ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የደረሰብንን ልንገራችሁ።

ቤታችን የተመዘገበው በባለቤቴ ስም ነው። በሕጉ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ንብረት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ይህን ያወቅሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው። በቃል የተስማማነው እሱ ቤቱን እንዲይዝ፣ የባንኩን ብድር እንዲከፍል፣ የእኔን ድርሻ ደግሞ ቀስ እያለ እንዲሰጠኝ ነበር። አንድ ዓመት ያህል እንደቃሉ አደረገ። ከዚያ ሥራው ተቋረጠበት። የባንኩ ደብዳቤ ወደ እኔ መጣ፤ ብድሩን ስንወስድ ሁለታችንም ፈርመን ነበርና። ለባንኩ «እኛ እኮ ተፋተናል» ብለው ምን ይገደዋል? በእኔና በባለቤቴ መካከል ያለ ስምምነት እኔንና እሱን እንጂ አበዳሪውን አያስርም። ድርሻዬንስ በምን ልጠይቅ? በራሴ ፊርማ የምጠይቀው ነገር የለም ብያለሁ። ባለቤቴ አልካደኝም፤ እስከ ዛሬ «አለብኝ» ይላል። ሊክደኝ ቢፈልግ ኖሮ ግን ማስረጃው በእጁ ነበር፣ ማኅተም ያለበት።

«እንደ አቅሙ» የሚለው ደግሞ ሲነበብ ያምራል። ርኅራኄ አለው። እኔም ስፈርም ደስ ብሎኛል፤ ሰውየውን በቁጥር ማነቅ መስሎ ታይቶኝ ነበር። ገንዘቡ ሲቋረጥ ነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቦታ ሄድኩና ፍርዱ ይፈጸምልኝ አልኩ። የተቀበለችኝ ወጣት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና «ምን ያህል ብለን እናስፈጽም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቁጥር የሌለው ፍርድ ለአፈጻጸም አይመችም፤ ስለዚህ መጠኑ ይወሰንልኝ ብዬ እንደ አዲስ አቤቱታ ማቅረብ ነበረብኝ። ሳንከራከር የተፋታን ሰዎች ከፍቺው በኋላ ተከራካሪ ሆነን ቀረብን። አመልካችና ተጠሪ ተባልን። በትዳራችን ዘመን አንድም ቀን ያልተባባልነውን በጽሑፍ ተባባልን።

ሦስተኛው «በፈለገ ጊዜ» ነው። አንድ ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ልጄ በማግስቱ ፈተና እያለባት፣ መጥቶ በር አንኳኳ። አሁን አይሆንም አልኩት። «ፍርድ ቤት ያጸደቀልኝ ነው» አለኝ በበሩ ቀዳዳ። «በፈለገ ጊዜ ይላል እንጂ በፈለገ ሰዓት አይልም» አልኩት። ሁለት የሕግ ባለሙያዎች ደጃፍ ላይ! ዛሬ ስናስታውሰው እንስቃለን፤ ያኔ ግን ልጆቹ ከጀርባዬ ቆመው ይሰሙ ነበር። የባሰው ሌላ ነው። በፈለገ ጊዜ ይመጣል ማለት ባልፈለገ ጊዜ አይመጣም ማለትም ነው። ታናሹ ልጄ ስንት ቅዳሜ ጫማውን አድርጎ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። አባቱ ቀን አልቆረጠም፤ ቀን ካልተቆረጠ ደግሞ የቀረ ሰው የለም። በእሱ በኩል ሆኜ ሳየውም ያው ነው፤ የእሱ የሆነ ሰዓት ስላልነበረው ልጆቹን ለማየት ሁልጊዜ የእኔን ፊት ማየት ነበረበት።

ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም። የማሰላሰያው ጊዜ ይርዘም አልልም፤ አብቅቶ የመጣን ትዳር ወራት መጨመር አያድነውም። ሽማግሌ ይግባበት አልልም። በስምምነት መፋታት ከባድ ይሁንም አልልም። ከባድ ቢሆን የሚሆነው ሰው ሳይፋታ ተለያይቶ መኖር ነው፤ ይህ ደግሞ የጋራ ንብረቱንም የልጆቹንም ነገር ከእኛ የባሰ ያደርገዋል።

የምጠይቀው ቅጽ ነው። አዎ፣ አንድ ቅጽ፣ ሁለት ገጽ። ሚኒስቴሩ ከፍርድ ቤቶች ጋር ሆኖ ሊያዘጋጀው ይችላል። ቀላል አማርኛ ይሁን፤ «ንብረት ላይ ክርክር አላችሁ?» ሳይሆን «ምን ምን አላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ቤት፣ መኪና፣ ቁጠባ፣ ከትዳር በፊት የመጣ፣ በትዳር የተገኘ፣ በማን ስም ነው፣ ማን ይወስዳል፣ የሌላው ድርሻ መቼና እንዴት ይከፈላል። ቀጥሎ ዕዳ፦ ለማን፣ ማን ፈረመ፣ ማን ይከፍላል፤ ከሥሩም በደማቅ ፊደል ይህ ስምምነት አበዳሪውን እንደማያስገድድ ይጻፍ። አንዱ ወገን ድርሻውን መተው ከፈለገ መብቱ ነው፤ ግን የሚተወውን በስም ጠርቶ ይተው። ቤቱን ትቻለሁ ብሎ መጻፍና የምንጠያየቀው የለም ብሎ መጻፍ አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን ለመጻፍ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ይንቀጥቀጥ፣ ያ መንቀጥቀጥ ሰውየው የሚያደርገውን ማወቁ ነው።

ስለ ልጆች ያለው ክፍል «እንደ አቅሙ» የሚል ቃል የሚገባበት ቦታ አይኑረው። ቁጥር፣ ቀን፣ በምን መንገድ እንደሚከፈል፣ ትምህርት ቤትና ሕክምና በውስጡ መሆን አለመሆናቸው ይሞላ። ገቢ ቢቀንስ ወይም ቢጨምር ምን እንደሚደረግም ይጻፍ፤ ሁኔታ ሲለወጥ ውሳኔው እንዲታይ መጠየቅ እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም፤ አቅም ያነሰው አባትም ከመጠየቅ ይልቅ መጥፋትን ይመርጣል። የጉብኝቱም እንዲሁ፦ የትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ በዓልና ክረምት በማን ዘንድ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ሕጉ በፈቀደው በተናጠል ማነጋገር ይመለከታል። ዳኞች ያለባቸውን የመዝገብ ብዛት አይቻለሁ፤ በዚያን ቀን ወንበር ያጡ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። ቢሆንም ለእያንዳንዳችን አምስት ደቂቃ ለብቻ ቢሰጠን፣ «የፈረምሽው ምን እንደሚል በራስሽ ቃል ንገሪኝ» ብባል ኖሮ፣ ቤቱን እንደተውኩ ያን ጊዜ ይገባኝ ነበር። እኔ የነበርኩበት ትዳር ፍርሃት አልነበረበትም። ፍርሃት ያለበት ትዳርም ግን በስምምነት ሊመጣ እንደሚችል እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ ዱላን የሸሸች ሴት ለመውጣት ስትል ምንም ነገር ትፈርማለች። ጎን ለጎን ቆማ «በፈቃዴ ነው» ከማለት ሌላ ምን ትላለች?

በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በስምምነት የሚፋቱ ሰዎች በአብዛኛው ዳኛ ፊት አይቀርቡም። ይህን ሰምተው እንዲህ ይቅለልልን የሚሉ አሉ። ነገር ግን እዚያ እያንዳንዱ ተጋቢ የየራሱ ጠበቃ እንዲኖረው ግድ ነው፤ ረቂቁ ከደረሳቸው በኋላም 15 ቀን ሳያልፍ መፈረም አይችሉም፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ዳኛ ይስማኝ ካለ ደግሞ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዳኛውን ያስወጡት ሌላ ዓይን አስቀምጠው ነው። እኛ ለሁለት ሰው ሁለት ጠበቃ ማቆም አንችል ይሆናል። ቅጹ ያ ሌላ ዓይን ይሁንልን።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ፍቺን ከልደት፣ ከጋብቻና ከሞት ጋር መመዝገብ ያለበት ኩነት አድርጎታል። ውሳኔውን ስንቀበል ይህን የነገረን አልነበረም፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠነው ቆየን። ከውሳኔው ግልባጭ ጋር «ቀጥሎ እዚህ ሂዱ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ቢሰጥ በቂ ነው።

ተስማምተው የመጡትን ሰዎች በጥያቄ ማፋጠጥ ወደ ክርክር መግፋት ነው የሚል ሐሳብ እንደሚነሳ አውቃለሁ። አንድ የማውቀው ጠበቃም ይህንኑ ብሎኛል። ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ቅጹን ሲሞላ ይጣላል። ያ ሰው ግን ያልተስማማ ሰው ነው፤ አለመስማማቱን ሁለት ዓመት ዘግይቶ በባንክ ደብዳቤ ከሚያውቀው ያኔውኑ ቢያውቀው ይሻለዋል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት አባሪዎች አሉ። የመጀመሪያው የጸደቀው ውላችን ነው፤ ስሞቹን አጥቁሬያቸዋለሁ፣ ቃሎቹ እንዳሉ ናቸው። ሁለተኛው እኔና የቀድሞ ባለቤቴ ባለፈው ወር ተቀምጠን የጻፍነው ነው፤ ያኔ እንዲህ ዓይነት ቅጽ ተሰጥቶን ቢሆን ኖሮ እንዴት እንሞላው ነበር ብለን። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። የዕዳው ክፍል ላይ ድምፃችን ከፍ ብሎ ነበር፤ እሱ አንድ ጊዜ ተነስቶ በረንዳ ወጥቶ ተመለሰ። በሰባተኛው ተራ ቁጥር ላይ ያለው ስርዝ የእሱ ነው፣ በዘጠነኛው ላይ ያለው የእኔ ነው። ሳናጸዳው የላክነው ሆን ብለን ነው።

ከአክብሮት ጋር

አንዲት የፈረመች ሴት
አባሪ፦ 4 ገጽ