አሰልጣኝ ከመሰናበቱ በፊት ተተኪው ይታወቅ

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ በወራጅ ቀጠና፣ ማለትም ወደ ታችኛው ሊግ በሚያወርዱት የሰንጠረዡ የመጨረሻ ደረጃዎች ውስጥ የሚዳክር ክለብ የውድድር ዘመኑ እስኪጠናቀቅ ሳይጠብቅ አሰልጣኙን ማሰናበት እንዳለበት ይመክራል። ጸሐፊው በማስረጃነት የጠቀሷቸው ክለቦች ግን ሁሉም አሰልጣኝ ቀይረው የተረፉ ናቸው፤ ቀይረው የወረዱት አንዳቸውም አልተነሱም። ይህ ከጎርፍ የተረፉትን ብቻ ጠይቆ ጎርፍ ሰው አይወስድም እንደማለት ነው። እኔ አሰልጣኝ በዓመቱ መካከል ፈጽሞ አይነካ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ውሳኔው ትክክል የሚሆነው ግን ክለቡ የሚያሰናብተውን ብቻ ሳይሆን የሚያመጣውንም ሰው አስቀድሞ ሲያውቅ፣ ያ ሰው ምን ሊቀይር እንደሚችል ሲገባው፣ ለሥራውም በቂ ጊዜ ሲቀረው ነው እላለሁ።

ለዚህ ክርክር እ.ኤ.አ. የ2022/23ን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ያህል ጥሩ መፈተኛ አላውቅም። በዚያ ዓመት ኤቨርተን፣ ዎልቭስ፣ ሌስተር ሲቲ፣ ሊድስ ዩናይትድና ሳውዝሃምፕተን ሁሉም ወራጅ ቀጠናውን ሸሽተው አሰልጣኝ ቀየሩ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ተረፉ፣ የኋለኞቹ ሦስቱ ወረዱ። ኖቲንግሃም ፎረስት በአንጻሩ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ሁሉም ሰው የስቲቭ ኩፐርን ስንብት ሲጠብቅ፣ አዲስ ውል አስፈረማቸውና በ38 ነጥብ 16ኛ ሆኖ ዓመቱን ጨረሰ።

የኤቨርተን ነገር በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። ክለቡ በጥር ወር ፍራንክ ላምፓርድን ሲያሰናብት በ20 ጨዋታ የያዘው 15 ነጥብ ብቻ ነበር። ተተኪው ሾን ዳይች ሥራ የጀመሩት የዝውውር መስኮቱ፣ ማለትም ተጫዋች የሚገዛበትና የሚሸጥበት ጊዜ፣ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ሲሆን፣ ክለቡ አንድም ተጫዋች አላስፈረመላቸውም፤ እንዲያውም አንቶኒ ጎርደንን ለኒውካስል ሸጦ ነው የጠበቃቸው። ስለዚህ ለውጡ ከገበያ የመጣ አይደለም። በመጀመሪያ ጨዋታቸው የሊጉን መሪ አርሰናልን 1 ለ 0 ሲረቱ፣ ግቧን ድዋይት ማክኒል ካሻማው የማዕዘን ምት በጭንቅላቱ ያስቆጠረው ጀምስ ታርኮውስኪ ነበር፤ ሁለቱም ቀድሞ በበርንሌይ በዳይች ሥር የተጫወቱ ናቸው። በላምፓርድ ጊዜ እምብዛም የማይሰለፈው አብዱላዬ ዱኩሬም ወደ ቋሚ ተሰላፊነት ተመለሰ። ዳይች በቀሩት 18 ጨዋታዎች 21 ነጥብ ሰበሰቡ። ቡድኑ ያው ቡድን ነው፤ የተለወጠው ማን ይሰለፋል፣ ኳሱስ በምን መንገድ ወደ ግብ ይደርሳል የሚለው ነው። ክለቡም ዳይችን ሲመርጥ የሚያገኘው ይህንኑ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ግንቦት 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል የጀመረውን የመጨረሻ ቀን በሰፈራችን ኳስ ማሳያ ቤት ሆኜ አይቼዋለሁ። ባለቤቱ አንዱን ቴሌቪዥን ለኤቨርተንና ቦርንማውዝ፣ ሌላውን ለሌስተርና ዌስትሃም ሰጥተውት ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ፣ ሌስተር እ.ኤ.አ. በ2016 የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ደጋፊ የሆነ፣ የራሱ ቡድን እየመራ ዓይኑን ከሌላኛው ቴሌቪዥን ላይ መንቀል አልቻለም። በ57ኛው ደቂቃ ዱኩሬ ከሳጥኑ ውጪ አክርሮ የመታት ኳስ መረብ ላይ ስታርፍ ያዘዘውን ሻይ ገፋ አድርጎ ዝም አለ። የኤቨርተን ሜዳ በነበረው ጉዲሰን ፓርክ ላይ 10 ደቂቃ ሲጨመር ደግሞ ቆሞ ነበር የጨረሰው። ሌስተር 2 ለ 1 አሸንፎ በ34 ነጥብ ወረደ፣ ኤቨርተን በ36 ቀረ።

እዚህ ላይ የአሰልጣኝን ሚና የሚያጋንኑ ሰዎች እንዲያስታውሱልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ከዚያ ቀን አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ሁለቱ ክለቦች ሌስተር ላይ ተገናኝተው 2 ለ 2 ሲለያዩ፣ ሌስተር 2 ለ 1 እየመራ ያገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት ጀምስ ማዲሰን ወደ መሐል መትቶ ጆርዳን ፒክፎርድ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ አድኖበታል። ያች ኳስ ገብታ ሌስተር ቢያሸንፍ ኖሮ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ሌስተር በ36 ነጥብ ይተርፍና ኤቨርተን በ35 ይወርድ ነበር። ያን ጊዜ ዛሬ ዳይችን የምናወድስበት ብዕር የወቅቱን የሌስተር አሰልጣኝ ዲን ስሚዝን ባወደሰ ነበር።

የሌስተር ስህተት ብሬንዳን ሮጀርስን ማሰናበቱ ሳይሆን ያሰናበተበት ጊዜና መንገድ ነው። ውሳኔው የተላለፈው 10 ጨዋታ ብቻ ሲቀር፣ ተተኪ ሳይዘጋጅ ነው። ሁለት ጨዋታ በጊዜያዊ አሰልጣኞች ተመርቶ ሁለቱም ተሸነፉ፤ ከእነዚህ አንዱ በሜዳቸው ከቦርንማውዝ ጋር የነበረው ነው። ዲን ስሚዝ ሲደርሱ የቀራቸው 8 ጨዋታ ነበር። ሊድስ ደግሞ ይባስ ብሎ በአንድ ዓመት ጄሲ ማርሽን፣ ቀጥሎም ሃቪ ግራሲያን አሰናብቶ፣ 4 ጨዋታ ሲቀረው ሳም አላርዳይስን ጠራ፤ ከአራቱ የተገኘው 1 ነጥብ ነው። በሳውዝሃምፕተን ራልፍ ሃዘንሁትልን የተኩት ናታን ጆንስ ከመሯቸው 8 የሊግ ጨዋታዎች 7ቱን ተሸንፈው ሄዱ። ተተኪው ከተሰናባቹ የባሰ ሊሆን እንደሚችል ቦርዶች በውሳኔያቸው ዕለት የሚያስቡት አይመስለኝም።

ዎልቭስ ግን ሁለን ሎፔቴጊን ያመጣው በኅዳር፣ ሊጉ ለዓለም ዋንጫ ሲቋረጥ ነው። ቡድኑ በ15 ጨዋታ 10 ነጥብ ይዞ የመጨረሻው ነበር። አሰልጣኙ ያለ ግጥሚያ ውጥረት ከተጫዋቾቻቸው ጋር ሳምንታት የመሥራት ዕድል አገኙ፣ በጥር መስኮትም እነ ማቴዎስ ኩንያና ማሪዮ ሌሚና ተጨመሩላቸው፤ በ41 ነጥብ 13ኛ ሆነው ጨረሱ። እንዲህ ያለ ዕረፍት በየዓመቱ እንደማይገኝ አልክድም።

አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ቡድን ይነቃቃል የሚለውን አባባል በተመለከተም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሆላንዱ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ባስ ተር ዌል የአገራቸውን ሊግ የበርካታ ዓመታት ውጤት መርምረው፣ አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦችን ተመሳሳይ የሽንፈት ጉዞ ላይ እያሉ ካላባረሩት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ሁለቱም ወገኖች በተቀራራቢ ሁኔታ እንደሚያገግሙ ደርሰውበታል። ስንብት የሚመጣው ውጤት ከሁሉም የከፋበት ሳምንት ላይ በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መሻሻል አብዛኛው ምንም ባይደረግም ይመጣ የነበረ ነው።

ላምፓርድ ራሳቸው የዚህ ነገር ምስክር ናቸው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ራፋኤል ቤኒቴዝ ሲሰናበቱ ኤቨርተንን ተረክበው ከመውረድ አዳኑት፤ ክሪስታል ፓላስን ከ2 ለ 0 መመራት ተነስተው 3 ለ 2 ሲያሸንፉ ደጋፊው ሜዳውን አጥለቅልቆት ነበር። ዓመት ሳይሞላቸው እሳቸውም በተራቸው ተሰናበቱ።

ክለቦች ይህን ሁሉ እያዩ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ለምን ያሰናብታሉ ቢባል፣ 25 ተጫዋች በመጋቢት መሸጥ ስለማይቻል፣ ያንን ስብስብ የገዛ የቦርድ አባልም ራሱን ስለማያሰናብት ነው። ደጋፊው ሰው ይፈልጋል፣ አሰልጣኙ ቅርብ ነው።

እኛ ዘንድም ሁኔታው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ገንዘቡ ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም የሚመጣላቸው ክለቦች ስለሚበዙ ደግሞ ለኪሳራው በግል የሚጠየቅ ባለቤት እንኳን የለም። እኔ በምኖርባት ከተማ የነበረ አንድ ክለብ ጥቂት ጨዋታዎች ሲቀሩት አሰልጣኙን በደብዳቤ አሰናበተ። በማግስቱ ልምምዳቸውን ከአጥሩ ውጪ ቆሜ አየሁ። ምክትሉ ፊሽካውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ያንኑ የሩጫ ዙር፣ ያንኑ የሁለት ለሁለት ቅብብል፣ ቀድሞ በተደረደሩበት ቦታ የተደረደሩትን ቆርቆሮዎች ይዘው ያሠራሉ። ከሰውየው መሄድ በስተቀር የተለወጠ ነገር አላየሁም። ክለቡ ወረደ፤ የተሰናበቱት አሰልጣኝ የቀሪ ውላቸውን ክፍያ ሲጠይቁ ከረሙ።

ስለዚህ ጋዜጠኞቻችሁ የስንብት ዜና በደረሳቸው ቁጥር የአሰልጣኙን የሽንፈት ብዛት ቆጥረው ከማቆም ይልቅ፣ በማግስቱ ልምምድ የሚያሠራው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደመረጠውና ከቀድሞው የተለየ ምን ሊያደርግ እንደተስማማ የክለቡን ቦርድ ሰብሳቢ ጠይቀው መልሱን፣ መልስ ካጡም ማጣታቸውን፣ እንዲያስነብቡን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ