«ማዘር፣ አምፖሉን ቀይሪው» አሉኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢያችሁ «አሮጌ መኪኖች ማታ ማታ እንዳይንቀሳቀሱ ይከልከሉ፤ መብራታቸው ለራሳቸውም አያሳይ» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ንዴቴ እስኪበርድ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ቢበርድም ነገሩ አልተወኝም፤ ይኸው ጻፍኩ።

እኔ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ከሸኖ አምጥቼ አዲስ አበባ እሸጣለሁ፤ ሥራውን ከያዝኩ 19 ዓመት ሆነኝ። መኪናዬ ከአውሮፓ አገልግላ የመጣች፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ2001 ሞዴል ያሪስ ናት። እኛ አገር ግን ያሪስ ብሎ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም ቪትዝ ነው የሚላት። በሳምንት ሁለት ቀን ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እወጣለሁ። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን በጨለማ ነው የማልፋቸው። ሸኖ ስደርስ ሊነጋጋ ይላል። ዘግይቶ የደረሰ ሌላው መርጦ የተወውን ቅቤ ነው የሚያገኘው። እኒህ ጸሐፊ «በጨለማ አትንዱ» ሲሉ «አትብሉ» እንዳሉኝ ነው የቆጠርኩት።

አዲስ መኪና ይግዙ እንዳይሉኝ ደግሞ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ከናካቴው እንዳይገባ ተባለ። ኤሌክትሪኩን መግዛት የቻለ ይግዛ፤ የእኔ የቅቤ ትርፍ ግን እዚያ አይደርስም። ያሉን አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ናቸው።

አንድ ነገር ላይ ግን ሰውየው አልተሳሳቱም። መብራታችን በእውነት ደካማ ነው። የኔው ምስክር ነው።

ባለፈው ነሐሴ ነው። ከአለልቱ አለፍ ብያለሁ። ጉሙ መሬት ለመሬት ይሄዳል። በ60 ነበር የምነዳው። 60 ማለት በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን በኋላ አስልቶ የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ከፊቴ ምንም የለም። ድንገት ሁለት ትናንሽ ነጥቦች ብልጭ አሉ። ዓይን ናቸው። የአህያ ዓይን። ፍሬኑን ረገጥኩ። ከኋላ የደረደርኳቸው ባዶ ባልዲዎች ተንደርድረው መቀመጫዬን መቱት። መኪናዋ ስትቆም በኮፈኑና በአህያዋ መሃል አንድ ክንድ ቢቀር ነው። አህያዋ ንቅንቅ አላለችም። ባለቤቷ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከጎኗ ቆሟል። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ጠጋ አለና፣ «እትዬ፣ መብራትዎን አጥፍተው ነው እንዴ የሚሄዱት?» አለኝ።

በርቶ ነበር።

አዲስ አበባ ስመለስ በቀጥታ ወደ አንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ልጁ መብራቱን እንኳ ሳያይ «ማዘር፣ አምፖሉን ቀይሪው፤ ኤልኢዲ አድርጊበት፣ ቀን ነው የሚያደርግልሽ» አለኝ። 3,000 ብር ከፍዬ ሁለት ኤልኢዲ አስገጠምኩ። እውነትም ሰፈራችን በር ላይ ሲበራ የሠርግ ቤት መሰለ። ደስ አለኝ።

ደስታው እስከ ሰንዳፋ ነበር። ከፊት የሚመጣ መኪና ሁሉ ረጅሙን መብራት እያብለጨለጨ ይሰድበኛል። አንዱ አይሱዙ እንዲያውም ረጅሙን አብርቶ ቀረ። ጉም ውስጥ ስገባ ደግሞ ባሰ። ፊቴ ነጭ አንሶላ የተሰቀለ መሰለኝ። አንሶላው ያበራል፤ መንገዱ ግን የለም።

የእህቴ ልጅ ኤሌክትሪሺያን ነው። የቤት እንጂ የመኪና አይደለም፤ ግን ነገር ሳይገባው አይነካም። እሑድ ቤት መጣና የድሮውን አምፖል አውጥቶ አሳየኝ። ኤች ፎር ይሉታል፤ ከኋላው ሦስት እግር አለው። ውስጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ አለ፣ አንዱ ለአጭር መብራት፣ አንዱ ለረጅም። ከአጭሩ ሽቦ ሥር እንደ ሲኒ የጎበጠች ትንሽ ብረት አለች። ብርሃኑ ወደ ታች እንዳይወርድ የምትከልለው እሷ ናት። ወደ ታች የሄደ ብርሃን ከመብራቱ ውስጠኛ መስታወት ተንጸባርቆ ወደ ላይ፣ ወደ ሰው ዓይን ይወጣል። መስታወቱ የተሠራው ያ ቀጭን ሽቦ ያለበትን ቦታ ለክቶ ነው። ኤልኢዲውን ስታስገቢ ብርሃኑ ከሌላ ቦታ፣ በሌላ ቅርጽ ይነሳል፤ ይበተናል። «አክስቴ፣ ብርሃን ጨመርሽ እንጂ መንገድ ላይ አላደረግሽውም» አለኝ። ኤልኢዲዎቹ ወጡ። 3,000 ብር መሳቢያ ገባ።

ከዚያ ቴስተሩን አወጣ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ባትሪው ላይ ሲለካ 14.1 ቮልት። አምፖሉ ሶኬት ላይ ሲለካ 11.9። ከባትሪው ወደ አምፖሉ ሲሄድ ሁለት ቮልት መንገድ ላይ ቀልጧል። እኔ «ሁለት ምን አላት?» አልኩ። አላት። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ10 በመቶ አይደለም የሚቀንሰው፤ በ30 በመቶ ገደማ ነው። የኔዋ ከዚያም በላይ ስለወረደ ብርሃኔ ወደ ግማሽ ተጠግቶ ኖሯል። ይህንን ነበር አምፖል ቀይሪ ያሉኝ።

የት እንደሚጠፋ መፈለግ ግማሽ ቀን ፈጀ። አንደኛው ሶኬቱ ነው፤ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት 100 ዋት አምፖል አስገብቶበት ነበር። ገመዱና ሶኬቱ የተሠሩት ግን ለ60 እና ለ55 ዋት ነው። ሁለተኛው ኔጋቲቩ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰርበት ብሎን ነው። ሲፈታ ዝገቱ እንደ በርበሬ ረገፈ። ብረቱን እስኪያብረቀርቅ ፍቆ፣ አዲስ ገመድ አስሮ፣ ሶኬቱን ቀይሮ እንደገና ለካ፤ 13.6 ሆነ። አምፖሉን በመደበኛው 60/55 ዋት ቀየረው፣ ሁለቱንም በአንዴ። ልረዳው እጄን ስዘረጋ ጮኸብኝ። የአምፖሉ ብርጭቆ ላይ ቅባት ከነካ ያ ቦታ ከመጠን በላይ ይግልና ብርጭቆው ይፈነዳል። የኔ እጅ ደግሞ 19 ዓመት ሙሉ ቅቤ ነው። ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ የመብራቱ ሽፋን። ድሮ ብርጭቆ ነበር፣ አሁን ፕላስቲክ ነው። ላዩ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ስስ ቅብ አለው። ቅቡ ሲያልቅ ፀሐይ ፕላስቲኩን ታቃጥለዋለች፤ ይቢጫል፣ ይደፈርሳል። እንደኛ ከፍታ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ታውቁታላችሁ። የኔዋ ተነጥሮ የረጋ ቅቤ መስላ ነበር። በጥርስ ሳሙና አሽቼው አውቃለሁ፤ ሁለት ሳምንት ያምራል፣ ከዚያ ይመለሳል። የእህቴ ልጅ ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይጫር በፕላስተር ሸፍኖ፣ ውሃ እያፈሰሰ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ መጀመሪያ በ1000 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ1500፣ መጨረሻ በ2000፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ አጓት ይመስላል፣ ቢጫ። እያደር ነጭ ሆነ። አጓቱ መውረዱን እስኪያቆም አይለፍም አለኝ። ከዚያ በኮምፓውንድ፣ በማወልወያ ቅባት ማለት ነው፣ አሸና ክሊር የሚሉትን ቀለም አልባ ቅብ ነፋበት። ክሊሩን ያልነፋ ሰው ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ፕላስቲኩ ራቁቱን ስለሚቀር በወራት ውስጥ ተመልሶ ይቢጫል።

በሚቀጥለው ቀን ሌሊት ወጣሁ። መንገዱ ታየኝ። የአስፋልቱ ዳር፣ ድንጋዩ፣ የባህር ዛፉ ግንድ ሳይቀር። ግን ከፊት የሚመጡት አሁንም ያብለጨልጩብኛል። አጭር ነው ያበራሁት! አንዱን ሾፌር ሰንዳፋ ሻይ ቤት አግኝቼ ጠየቅሁት። «ግራሽ ዓይን ይወጋል» አለኝ።

ግራው። እሱን የገዛሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የመጀመሪያው ተሰብሮ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ሙሉ መብራት አመጣሁ። መቀመጫው ልክክ አለ፣ ብሎኑም ያው። ማን ይጠረጥራል?

የእህቴ ልጅ ማታ መኪናዋን ከአንድ ያልተለሰነ ግድግዳ 10 ሜትር አርቆ፣ መሬቱ ደልዳላ በሆነበት አቆማት። የመብራቱን መሃል ከፍታ ለክቶ ግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ። አጭር ሲበራ የብርሃኑ አናት ከዚያ መስመር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። የቀኙ ዝቅ ብሎ ይሄድና ወደ ቀኝ ጥግ ላይ ደረጃ ሠርቶ ከፍ ይላል። ትክክል ነው፤ በቀኝ ለሚነዳ አገር የቀኙን ዳር፣ እግረኛውን፣ አህያውን እንዲያሳይ ተብሎ ነው። የግራውን አበራን። ወደ ግራ ከፍ አለ! ከፊት ለሚመጣው ሰው ዓይን ቀጥ ብሎ። ቀኙ ዳር ደግሞ ጨለማ።

ያ መብራት በግራ ከሚነዳበት አገር የመጣ ነው፤ ከጃፓን ሊሆን ይችላል። ብሎን አጥብቆ አላልቶ አይስተካከልም፣ ሲሠራም እንዲያ ነው። አባቴ እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ እንነዳ እንደነበር ያጫውተኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ቢሆን መብራቴ ልክ ነበረች። አሁን ቀይሬዋለሁ። አዲሱን ስገዛ ሶማሌ ተራ ውስጥ የመኪና ባትሪ ይዤ፣ ግድግዳ ላይ አብርቼ አይቼ ነው። ሻጩ «ማዘር፣ እንዲህ የምታደርግ ሴት አይቼ አላውቅም» አለኝ። «ወንድስ አይተሃል?» አልኩት።

አቶ አዘጋጅ፣ አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ። ይህች መኪና ግራው መብራት ተገልብጦ፣ ሶኬቱ ቀልጦ፣ ሽፋኑ ቢጫ ሆኖ ሦስት ጊዜ ዓመታዊ ምርመራ አልፋለች። ሦስቱንም ጊዜ እኔው ነኝ የወሰድኳት። መርማሪው ከፊቷ ይቆማል። «አብሪ። አጥፊ። ረጅም። ፍሬቻ። እሺ።» አለቀ። የመብራቱን አቅጣጫና ኃይል የሚለካው ባለ ሌንሱ መሣሪያ እዚያው ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፣ ጨርቅ ለብሶ። ባለፈው ዓመት አንዱ ተራ ጠባቂ ጃኬቱን ሰቅሎበት አየሁ። ጨርቁ ይነሳ ነው የምለው። ያ ባይቻል እንኳ ግቢው ግድግዳ አለው፤ ጠመኔ ደግሞ ውድ አይደለም።

ለጸሐፊውም አንድ ነገር ልበል። እርስዎን መንገድ ላይ ያሳወረዎት መኪና አሮጌ መሆኑን በምን አወቁ? በጨለማ የሚታየው መብራቱ ብቻ ነው። አዲስ መኪኖችም ዓይን ያጠፋሉ፤ ወይ ኤልኢዲ የተገጠመላቸው፣ ወይ ኋላቸው ተጭኖ አፍንጫቸው ወደ ሰማይ ያየ። ይሄኛው የኔም ጥፋት ነበር። ቅቤው ከኋላ ሲጫን የመኪናዋ ፊት ይነሳል፣ መብራቱም አብሮ። ከመሪው አጠገብ ከ0 ጀምሮ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ የምትሽከረከር ቁልፍ አለች። ለዓመታት የሬዲዮ ትመስለኝ ነበር። አሁን ባዶ ስሄድ 0፣ ጭኜ ስመለስ 2 አደርጋታለሁ።

ኤልኢዲዎቹ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። የጎረቤቴ ልጅ በግማሽ ዋጋ ስጪኝ እያለ በየቀኑ ይመላለሳል። የሚነዳው ማታ ማታ ነው፣ ያውም በእኛው ሰፈር። አልሰጠሁትም።

የሸኖዋ መንገደኛ
ከአዲስ አበባ