ናይሮቢ ላይ በወባ ለተኛኸው

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንደ ድሮ ደብዳቤ ልቀጥል ነበር። አፈርኩ። የናፈቀ ሰው ይደውላል።

ሦስት ዓመት ሆነ። ከሐዋሳ አዳማ ምን ያህል ነው? ጠዋት መናኸሪያ የገባ ሰው በሞጆ ዞሮ ከሰዓት አንተ ጋ ቡና ይጠጣል። ሰበብ የለኝም። አባትህ ያረፉ ጊዜ ቀብር አልደረስኩም። ለሠልስት እመጣለሁ አልኩ፣ ቀረሁ። አርባው አለፈ። ከዚያ ስልክ ማንሳቱ ራሱ ከበደኝ፤ በምን አፌ? ሐፍረት ደግሞ እንደ አራጣ ነው፣ በየሳምንቱ ይወልዳል። ነፍሳቸውን ይማር። አንተንም ያጽናህ። ሱቄ በር ላይ ቆመው «ዛሬም ሰይጣን ልትጠሩ ነው?» ሲሉን የነበረው ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ባለፈው እሑድ የፎቶ ኮፒ ቤቱን መሳቢያ ሳጸዳ የመርማሪህን ወረቀት አገኘሁት፤ ኮል ኦፍ ክቱሉ ስንጫወት፣ አንዱ እየተረከ ሌሎቻችን መርማሪ እየሆንን፣ የያዝከው። ጥግ ጥጉ በሻይ በልዟል። «አቅል» የሚለው ሳጥን ውስጥ 60 ተሰርዞ 55፣ 55 ተሰርዞ 48፣ 48 ተሰርዞ 31። እዚያ ላይ ቆሟል። ከሥሩ በራስህ ጽሕፈት «ናይሮቢ፣ ሆቴል፣ ማታ» ይላል። ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት።

ጨዋታው አልቆመም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ፣ እንደ ድሮው እንሰበሰባለን። ታሪኩን የምትመራው ተራኪ አሁን ታናሽ እህቴ ናት። ያኔ ከመጋረጃ ኋላ ተደብቃ የምትሰማዋ። ከኔ መቶ ጊዜ ትበልጣለች፣ ምን ላድርግ። ሁለት አዲስ ልጆችም ገብተዋል፤ አንዱ ባጃጅ ነጂ ነው፣ አንዷ ነርሲንግ ተማሪ። ቁጥር የጻፍንባቸው ቆርኪዎችም እነዚያው ናቸው። አሥሩ የኮካ ለአሥር ቤት፣ አሥሩ የአምቦ ውሃ ለአንድ ቤት። ፒያሳን ዞረን ዞረን ባለ አሥር ፊት ዳይስ ስናጣ አንተ ያመጣኸው ዘዴ። አንዳንድ አውጥተህ ታጣምራቸዋለህ፣ ችሎታህ 40 ከሆነ 40 ወይም ከዚያ በታች መውጣት አለበት። የኮካው 7 ጠፍቶ በሚሪንዳ ተክተነዋል። ሲዳስሱት ይለያል ብሎ ባጃጅ ነጂው በየሳምንቱ ይከራከራል።

እሱ ልጅ ለመጀመሪያ ቀን የመጣ ዕለት ጠየቀ፦ «እንዴት ነው የሚሸነፈው ጭራቁ?»

«አይሸነፍም» አለችው እህቴ።

«ታዲያ ምን ልንሠራ ነው የምንጫወተው?»

ጥያቄው ገባብኝ። ኮል ኦፍ ክቱሉን ስንት ዓመት ተጫውተን ማን እንደሠራው እንኳ ጠይቀን አናውቅም። ከሰዓት ሱቁ ጭር ሲል ማንበብ ጀመርኩ። የማወራው ደግሞ ካንተ ሌላ የለኝም። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ።

መነሻው አጭር ልቦለድ ነው፤ ኤች ፒ ላቭክራፍት የጻፈው፣ በ1928 በአንድ ርካሽ መጽሔት ላይ የወጣ። ባሕር ሥር የተኛ አንድ ግዙፍ ነገር አለ፣ ክቱሉ፤ ሰው ለእሱ ከጉንዳን አይቆጠርም። ሰውዬው በ1937 በ46 ዓመቱ ሲሞት የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር፣ ኪሱም ባዶ። ጨዋታው የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። በ1974 የዚሁ ዓይነት ጨዋታ፣ ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ወጣ። ሰይፍ፣ ድራጎን፣ ወርቅ፤ በተጫወትክ ቁጥር እየጎለበትክ ትሄዳለህ። በዓመቱ ግሬግ ስታፎርድ የሚባል ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ ኬኦሲየም የሚባል የጨዋታ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፣ በ1978 ሩንኩዌስት የሚባል የራሳቸውን ጨዋታ አወጡ። መቶኛ ቁጥሩ ከዚያ ነው የመጣው።

ሳንዲ ፒተርሰን የሩንኩዌስት ወዳጅ የነበረ ወጣት ነው። ላቭክራፍትንም ከልጅነቱ ይወዳል። ለኬኦሲየም ጻፈላቸው፤ የላቭክራፍትን ፍጡራን ለሩንኩዌስት ላዘጋጅላችሁ ወይ? እነሱ ደግሞ 1920ዎቹን የሚመለከት ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥተው ነበር። ያ ሰው ሳይሆንለት ሲቀር ሥራው በፒተርሰን እጅ ገባ። በ1981 የኮል ኦፍ ክቱሉ መጽሐፍ ወጣ።

አሁን ደስ ያለኝን ልንገርህ። ፒተርሰን ገና ሲሠራው ከጓደኞቹ ጋር ይሞክረዋል። አቅል የሚባለውን ቁጥር አስገብቶበታል፣ ግን ይሥራ አይሥራ አያውቅም። አንድ አስቀያሚ ነገር ሊመጣባቸው ሲል ጓደኞቹ ምን አደረጉ መሰለህ? ሰይፍ ምናምን የለም። አንዱ ዓይኔን እሸፍናለሁ አለ፣ ሌላው ፊቴን አዞራለሁ አለ። ጭራቁን ማየት ራሱ አስፈራቸው! እስከዚያ ድረስ በእነዚህ ጨዋታዎች ጭራቅ ሲመጣ ሰው እጁን እያሻሸ ነበር የሚጠብቀው።

እኔ ይሄ ጨዋታ ለምን አርባ ምናምን ዓመት እንደቆየ ከጠየቅኸኝ ይሄ አንድ ቁጥር ነው እልሃለሁ። ጭራቅማ እኛም ሞልቶናል። አስከሬን ስታይ ትንሽ ይቀንሳል። የሚራመድ አስከሬን ስታይ ደግሞ ብዙ። በአንድ ጊዜ 5 ከጎደለብህ ለጊዜው አቅልህን የመሳት አደጋ አለ። ክቱሉን ራሱን ካየህ እስከ 100 ሊሄድ ይችላል፣ ማለትም ያለህ በሙሉ። ሕጉ ላይ እሱ በየዙሩ ከአንድ እስከ ሦስት መርማሪ ይበላል ብለው የጻፉት ነገርማ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ እንደ ሬስቶራንት ሒሳብ። ተንኮሉ ግን ሌላ ቦታ ነው። ስለ እነዚህ ፍጡራን ያለህ እውቀትም ቁጥር አለው፤ እሱ በጨመረ ልክ አቅልህ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ዝቅ ይላል። ዓለምን የሚያድነው መጽሐፍ እጅህ ላይ ነው፣ ካነበብከው ታብዳለህ፣ ካላነበብከው ሁሉም ያልቃል። አንተ በጨዋታው ለንደን ላይ ያን መጽሐፍ ይዘህ ሩብ ሰዓት ስታመነታ ሻይህ ቀዝቅዞ እናቴ ሌላ የቀዳችልህ ትዝ ይልሃል?

እናቴን ካነሳሁ አይቀር። እንደ አባትህ ነበረች፣ ታውቃለህ፤ «ጥንቆላ ነው» ትል ነበር። አሜሪካም እኮ በ1980ዎቹ ያው ነበር። ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ሰይጣን ያመጣው ነው እያሉ ወላጆች ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። የሚገርመው የኛው ጨዋታ፣ የጥንቆላ መጽሐፍና የሰው መሥዋዕት የሞላበት፣ ያን ያህል ዱላ አልደረሰበትም። ፒተርሰን ራሱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነው፣ ሞርሞን። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ፕሮቴስታንት ነው?» አለች። ማስረዳቱ ደከመኝ። የእውቀቱን ነገር ስነግራት ግን ቡናዋን አስቀመጠች። «ይሄንንማ ሰሎሞን ቀድሞ ተናግሮታል፤ ማወቅ ሐዘን ነው» አለች። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በርጩማዋን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። እህቴ «ተረት ተረት» ብላ ስትጀምር «የላም በረት» የምትለው እሷ ናት።

አሁን ወደ ናይሮቢ። ያ የምንጫወተው ረጅሙ ታሪክ፣ የኒያርላቶቴፕ ጭምብሎች፣ በ1984 ነው የታተመው፤ ላሪ ዲቲሊዮ ጽፎት ሊን ዊሊስ ያገዘው። ኒው ዮርክ፣ ለንደን፣ ካይሮ፣ ናይሮቢ፣ ሻንጋይ። ብዙ ሰው ከዚህ የተሻለ አልተጻፈም ይላል። እኔም እላለሁ፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። በአንድ ነገር አንተ ትክክል ነበርክ። ናይሮቢ ገብተን የኬንያው አምልኮ ሰዎች ሲመጡ ወረቀትህን ገፋ አድርገህ «ሰውዬው እኛን ነው እንዴ የሚፈራው?» አልክ። እኔ ያኔ ጨዋታ አታበላሽ ብዬ ተቆጣሁህ። አንብቤ ደረስኩበት፤ አዎ፣ እኛን ነው። ላቭክራፍት ጥቁሩንም ስደተኛውንም ይጠየፍ ነበር፣ በደብዳቤዎቹም በልቦለዶቹም በግልጽ አለ። ጨዋታው ያን ፍርሃት ከነቅርፊቱ ነው የወረሰው። በኋላ ሰዎች ተነሡበት። ክሪስ ስፓይቪ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በ2017 ሃርለም አንባውንድ የሚባል የዚሁ ጨዋታ መጽሐፍ አወጣ። መርማሪዎቹ በ1920ዎቹ ሃርለም በሚባለው የኒው ዮርክ ሰፈር የሚኖሩ ጥቁሮች ናቸው፣ ከጭራቁ በፊት የሚያስፈራቸው የጎረቤታቸው ዘረኝነት ነው። የኬኦሲየም ሰዎችም በኋላ ራሳቸው አሳተሙት። ለቁጣዬ ይቅርታ፣ ይሄም ዘግይቶ።

የቀረውን ባጭሩ። ፈረንሳዮች ቶሎ ተረጎሙት፣ ወደዱትም። ጃፓን ግን ጉድ ነው። እዚያ ከዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይልቅ የታወቀው ይሄኛው ነው። ሰው ሲጫወት የነበረውን እየጻፈና በቪዲዮ እየሠራ ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ ወጣቱ ተከተለው። ኬኦሲየም ራሱ ሊሞት ነበር። በ2013 ለሰባተኛው እትም ከደጋፊዎች ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ፣ መጽሐፉ ግን ዘገየ፣ ድርጅቱ ዕዳ ውስጥ ገባ። በ2015 ስታፎርድና ፒተርሰን ተመልሰው መጥተው ነው ያተረፉት። ስታፎርድ በ2018 አረፈ። ፒተርሰን ደግሞ በመሃል ዱም የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ከሠሩት አንዱ ነበር። እኛ በሰዓት እየከፈልን የተጫወትነውን ዱም! ብዙዎቹን ደረጃዎች እሱ ነው የሠራው። ያኔም እጁ ላይ ነበርን ማለት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስን። እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ አንድ ሐይቅ ታወራለች። «በ1925 እዚህ ከተማ የለም» አለች። «ፒያሳ የለም። አስፋልት የለም። ሐይቁ ግን አለ።» ዝም አለች። በዚያች ቅጽበት ጣራው ላይ አንድ ነገር ተራመደ። ቀስ እያለ፣ ከባድ፣ ቆርቆሮውን እየጫነ። ያ ትልቁ ወፍ፣ አባ ኮዳ ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ከዓሣ ገበያው ጠግቦ መጥቶ ነው። ግን ማንም አልተናገረም። ባጃጅ ነጂው እርሳሱን አነሳና ማንም ሳያዘው ከራሱ አቅል ላይ 1 ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ እንዴት ነው የሚሸነፈው ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

አንተን አስቤ ነበር ያን ምሽት። የጭምብሎቹ ታሪክ እንዴት እንደሚጀምር አትረሳም፤ ኒው ዮርክ ያለው ጓደኛቸው ቴሌግራም ልኮ ይጠራቸዋል፣ ሆቴሉ ሲደርሱ ሞቶ ያገኙታል። ስንት ጊዜ ተርኬዋለሁ። አርፍደዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የመርማሪህ ነገር እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ዓለምን የዞረው ቴሌግራፈኛ አልሞተም። ተጫዋቹ ከሌለ መርማሪው አይሞትም የሚል ሕግ እህቴ አውጥታለች። ናይሮቢ ሆቴል ውስጥ ወባ ይዞት ተኝቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ! ነርሲንግ ተማሪዋ ኪኒን ትሰጥሃለች፣ በየሳምንቱ ቆርኪ ታወጣለች፣ በየሳምንቱ አይሳካላትም። ሌሎቹ ሻንጋይ ደርሰው አንተን ሊወስዱ ተመልሰዋል።

ለሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ቅዳሜ ሱቁን በጊዜ እዘጋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዓርብ ጠዋት አዳማ ልመጣ አስቤያለሁ። እናትህን ለቅሶ ልደርሳቸው፣ ቢያባርሩኝም። ካላባረሩኝ ቅዳሜ አብረን እንመለሳለን። እህቴ ግን አስጠንቅቃሃለች፤ በዚህ ወር ካልተነሳህ ኪኒኑ ያልቃል ብላለች።

አብሮ አደግህ፣
ሐዋሳ